ገብቶኝ ነበር

አባቴ ታናሽ ወንድሜን ትምህርት ቤት አስገባ፤ እኔን ጋራዥ አስገባኝ። የተሠራብኝ በደል ይኸው ነው፣ ከዚህ አይረዝምም። የባቡር ሠራተኛ ነበር። ሁለታችንንም ማስተማር ያቅተው ነበር አልልም። «አንዱ ይማር፣ አንዱ ያብላን» አለ። ግርማ ተማረ፣ እኔ አበላሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር።

ይህን በደሌን ለመላው ድሬዳዋ አውርቼዋለሁ። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ለሚቀመጡት፣ መጋላ ገበያ ጨርቅ ለሚሸጡት፣ ፔጆውን ላስቀባ ብሎ ለመጣ ሁሉ አውርቼዋለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ አፌ አልደከመም። እኔ የሠራሁትን በደል ግን እስከ አምና ሚያዝያ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴ አልተናገርኩም። የንስሐ አባቴ «ሌላስ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» እያልኩ ጉልበታቸውን ስሜ ተነሥቻለሁ። ሌላ ነበር። አሁን ማንበብም መጻፍም ስለምችል ለእናንተ እጽፈዋለሁ። እንዴት ማንበብ እንደቻልኩ ስትሰሙ ደግሞ የባሰ ትታዘቡኛላችሁ።

የመኪና ቀለም ቀቢ ነኝ። ጋራዣችን ከደጫቱ ወንዝ ማዶ ነው። አብዲ የተጨረማመተ ላሜራ ያቃናል፣ እኔ ጎድጓዳውን በስቱኮ እሞላለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እፈትጋለሁ፣ እቀባለሁ። በእኛ ሥራ ዓይን አይታመንም። ስቱኮው ሲደርቅ ዓይንህን ጨፍነህ መዳፍህን ታስኬድበታለህ፤ የቀረውን ጉብታ መዳፍህ ያገኘዋል። ይህን ከእኔ በቀር አሳምሮ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው፣ ልጄ ሜላት። ከትምህርት ቤት መልስ የቆርቆሮ ክዳን ላይ የተረፈውን ቀለም እየጨለፈች በተጣለ የመኪና በር ላይ ትስል ነበር። መጀመሪያ አሳምራ የሳለችው የአብዲን አፍንጫ ነው። አብዲ እስከ ዛሬ ይቅር አላላትም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ጣልያን አገር ካለ ኮሌጅ የስኮላርሺፕ ቦታ አገኘች፤ ሥነ ጥበብና ጣልያንኛ ልትማር። ቅጹን አብሯት የሞላው ወንድሜ ግርማ ነው። አንድ ወረቀት ብቻ ቀረ፣ የአባት ወረቀት። ሰነድ ከሚያረጋግጠው ቢሮ ሄጄ በሠራተኛ ፊት የምፈርመው። የእናቷ ፊርማ አይበቃም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይበቃም፤ ወረቀቱ በእኔ ስም ተሞልቶ ነበር የመጣው፤ አዲስ አበባ ያለው የቪዛ ቀጠሮዋ ደግሞ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ያለዚያ ወረቀት ቪዛ የለም፤ ያለ ቪዛ ኮሌጁ ቦታውን ለሌላ ይሰጣል።

ቢሮ በሄድንበት ቀን ጠዋት፣ ቁርስ ላይ፣ ሜላት ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ። አራት መስመር ናት። «እኔ አባቷ፣ ልጄ ሜላት ወደ ጣልያን ሄዳ ሥነ ጥበብና ቋንቋ እንድትማር ወድጄ ፈቅጃለሁ። ስትሄድም ስትመለስም አባቷ ነኝ፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው» ትላለች። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ራሷ ሜላት ናት ያስጨመረችው። «ገባህ አባዬ?» አለችኝ። ገባኝ አልኳት። ገብቶኝ ነበር። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ገብቶኝ ነበር።

ቢሮው በሰው ተሞልቶ ነበር። ግርማ ሸሚዙን ተኩሶ፣ እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ሰክቶ መጥቷል። እኔ ከሥራ ነው የመጣሁት፤ ጣቶቼ የበጃጅ ሰማያዊ ናቸው። ተራችን ሲደርስ ግርማ ወደ ሠራተኛዋ ጎንበስ አለና፣ በለስላሳ ድምፅ፣ «እህት፣ የጣት ቀለም ይኖራችኋል? ወንድሜ በአሻራ ነው» አላት።

ክፋት የለበትም። አሁን ሳስበው ክፋት የለበትም። ያን ጊዜ ግን ልስላሴው እንደ መርፌ ወጋኝ። ሜላትም ከጎኔ ቆማ ሰማች፣ ከኋላችን የተሰለፈውም ሁሉ ሰማ።

ሠራተኛዋ አውራ ጣቴን ይዛ ቀለሙ ላይ ጫነችው፣ ከዚያ በትርፍ ወረቀት ሞከረችው። የወጣው አንድ ጥቁር ድቡልቡል ነው። መስመር የለውም። ደግማ ሞከረች፣ ያው ድቡልቡል። «አባት፣ ጣትዎ አሻራ የለውም እንዴ?» አለች። የለውም። አርባ ዓመት የፈተግኩበት ብርጭቆ ወረቀት በልቶታል። ከሰልፉ አንድ ጎረምሳ «ገድሎ አሻራ የማይተወው ይሄ ነው በለኛ!» አለ፤ ሰው ሳቀ። ግርማም፣ ሊያበርደው ብሎ፣ ፈገግ አለ።

ለጣት እንኳ ሳልበቃ ቀረሁ። እጄን ቀማሁና «ያላነበብኩትን አልፈርምም» አልኩ።

«ላንብብልዎት» አለች ሠራተኛዋ። አነበበችልኝ። አራቱንም መስመር፣ ሜላት ጠዋት እንዳነበበችው አድርጋ።

«ያነበብሽው እሱን መሆኑን በምን አውቃለሁ? ቤቴን የምታስፈርሙኝ ቢሆንስ?»

«ኧረ ወንድም ጋሼ!» አለ ግርማ።

«ወረቀት ሰው ይበላል» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ፊደል የማያውቅ ሰው ወረቀት ይፈራል፤ እኔ እፈራለሁ። ማን ፊደል ነሣኝ? ሂዱና እሱን ጠይቁት!»

ከኋላ አንዲት እናት «አትፍረዱበት ልጆቼ፣ እውነቱን ነው» አሉ። «የኔንም ባል መሬቱን እንዲሁ ጣቱን አስነክተው ነው የወሰዱበት።» ሰልፉ ሁሉ አዘነልኝ። ሠራተኛዋም አዘነችልኝ። እኔም አየሁት፤ ሐዘኔታቸው ጥላ ሆኖ ሲሸፍነኝ አየሁት፤ ከሥሩም ገባሁ።

ሜላት ሰማያዊ እጄን ያዘች። «ተወው አባዬ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም» አለችኝ። እየወጣን ሳለ ደግሞ ወረቀቱን ሁለት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው አየሁ።

የቪዛው ቀን አለፈ። ቦታው ለሌላ ተሰጠ።

እስኪ ፍረዱ። እኔ ወረቀት አልፈራሁም። በሕይወቴ ወረቀት ፈርቼ አላውቅም። ቤቴን በአሻራ ነው የገዛሁት፤ ያን ጊዜ መስመሩ ነበረልኝ። እኔ ፈርቼ ሳይሆን ቀንቼ ነው። በወንድሜ ቀናሁ፤ እሱስ ይሁን፣ ዕድሜ ልኬን የለመድኩት ነው። በገዛ ልጄ ቀናሁ። ልጅ ወልዶ፣ አሳድጎ፣ ልጁ ሊማር ሲል የሚቀና አባት ምን ይባላል? እኔ እኮ «አንዱ ይማር፣ አንዱ ያብላን» ያለውን ሰው አርባ ዓመት ስረግም የኖርኩ ነኝ። እሱ እንኳ አንዱን አስተምሯል። እኔ ያለችኝ አንድ ናት፤ እሷንም ከበሩ መለስኩ። የባሰው ደግሞ መሃይምነቴን እንደ ዱላ መጠቀሜ ነው። ያበሳጨኝን ነገር አንሥቼ ልጄን መታሁበት፤ ከዚያ «ተመታሁ» ብዬ ጮህኩ።

የመጣውን ግን ማንም አይገምትም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ከምሳ በኋላ፣ ሜላት ጋራዥ መጣች። እኛ ዘንድ ከምሳ በኋላ ፀሐዩ እስኪበርድ መዶሻ አይነሣም፤ አብዲና ጓደኞቹ ጥላ ፈልገው ጫታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ሜላት ከግድግዳው ጋር የተደገፈውን የአሮጌ ፔጆ ኮፋኖ አነሣች። የሞተር ክዳኑን ማለቴ ነው። ሁለት ጎማ ላይ አጋደመችውና ነጭ መሠረት ቀለም ቀባችው። ሲደርቅ ጣቷን ጥቁር ቀለም ነክራ አንድ «ሀ» ጻፈችበት፤ የሰው ጭንቅላት የምታህል።

«ና አባዬ» አለች። «ወረቀት ካስፈራህ በላሜራ እንጀምራለን። ለከርሞ ራስህ አንብበህ ነው የምትፈርምልኝ።»

ምን ልበል? «አልፈራሁም፣ ቀንቼ ነው» ልበል? በዚያች ሰዓት ብናገር ኖሮ ይህ ጽሑፍ አያስፈልግም ነበር። ጣቴን ነከርኩና «ሀ»ን በላዩ ሄድኩበት።

እንደዚህ ነው የተማርኩት። አንድ ዓመት፣ በየቀኑ፣ ከምሳ በኋላ። እሷ በኮፋኖው ላይ ትጽፋለች፣ እኔ እደግማለሁ፣ ከዚያ ፈትጌ አጥፍቼ ለነገ ነጭ አደርገዋለሁ። ዓይኔን አስጨፍና በስቱኮ የጻፈችውን በመዳፌ ታስነብበኝ ነበር። አብዲ ከጥላው ሥር ሆኖ አይምረኝም። «ወሪያ! ዛሬ ስንተኛ ክፍል ገባህ?» ይለኛል። «አቦ ዝም በል፣ መምህርት ፊት ነኝ» እለዋለሁ። «መምህርት፣ ይሄ ተማሪ ያጨሳል፣ ወላጁን ጥሩ!» ይላል። ሜላት ስቃ ትወድቃለች። ልናገረው የሚገባኝን ነገር ያን ሳቅ በሰማሁ ቁጥር ዋጥኩት።

እሷም እኔን እያስተማረች ጣልያንኛዋን ከስልኳ ታጠና ነበር። አንድ ቀን ጮክ ብላ «ኮፋኖ» አለች። ዞር ብዬ «ምን አደረገ?» አልኳት። «ጣልያንኛ ነው አባዬ! የሞተር ክዳን ማለት ነው!» አለች። እኔ ደግሞ «ጣልያንኛ? የጋራዥ ቋንቋ ነው እንጂ!» አልኩ። ከዚያ ስትጠይቀኝ ዋለች። ፓራፋንጎ፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ባሌስትራ፣ ስቱኮ፣ ሁሉም ጣልያንኛው ውስጥ ነበሩ። ያንን ሁሉ ዘመን ጣልያንኛ ስናገር ኖሬ የነገረኝ ሰው የለም። አብዲ ደረቱን ነፍቶ «ስኮላርሺፑ ለኛ ነበር የሚገባው» አለ። እኔ በዚያ ቀን የተሰማኝን ደስታ ልደብቃችሁ አልችልም። በሰረቅኩት ዓመት ውስጥ ተቀምጬ ደስ ይለኝ ነበር። አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል። ይህንንም ከኃጢአቱ ጋር ቁጠሩት።

በዓመቱ ኮሌጁ እንደገና ተቀበላት። አዲስ ወረቀት መጣ። ያው ቢሮ፣ ያችው ሠራተኛ። ግርማ እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ እየተንተባተብኩ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ስሜንም ጻፍኩ። ሰልፉ አጨበጨበ። ሠራተኛዋ ዓይኗን ጠረገች። ግርማ እንደ ልጅ አለቀሰ። ጋራዥ ስንመለስ አብዲ ለሰፈሩ ሁሉ ለስላሳ አወረደ። «ፍርሃቱን ያሸነፈ ሰው» ተባልኩ። ጭብጨባውን ተቀበልኩ። ለስላሳውንም ጠጣሁ። ያልነበረ ፍርሃት ነው አሸነፈ የተባልኩት።

ሜላት ሄደች። የምትልክልኝን መልእክት ማንም ሳያነብልኝ አነበብኩ። በመጀመሪያው የግድግዳ ሥዕል ትምህርት ላይ መምህሯ «ስቱኮ» ሲሉ ብቻዋን ሳቀች፤ ልስኑን ዓይኗን ጨፍና በመዳፏ ስትፈትሽ ደግሞ «ይህን ማን አስተማረሽ?» አሏት። «አባቴ፣ ድሬዳዋ፣ ጋራዥ» አለች። ይህችን መልእክት ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አትጠይቁኝ።

ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ መጋቢት ውስጥ፣ የመመረቂያ ሥራዋን ነገረችኝ። ከአንድ የአሮጌ መኪና መጣያ ኮፋኖ አግኝታለች። ልክ እንደኛ ነጭ ቀብታዋለች። ወረቀት ፈርቶ የነበረ አባቷ በኮፋኖ ላይ እንዴት ፊደል እንደቆጠረ ነው ሥራው። ለመምህራኖቿ፣ አብረዋት ለሚማሩት ሁሉ ነግራለች። «አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ አባዬ» አለች። «ያን ቀን ለምን እንዳልፈረምክ በገዛ እጅህ ጽፈህ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። የእጅ ጽሑፍህን እንዳለ ላሜራው ላይ እገለብጠዋለሁ። አጭር ይሁን።»

ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። «ማንበብ ስለማልችል ፈራሁ።» ሦስት ቃል። ጽፌ ብልክ ጉዳዩ ለዘላለም ይዘጋ ነበር፤ ሰው በጭብጨባ ያተመውን ውሸት ማን ይከፍተዋል? ጻፍኩትም። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሥራዬ ሄድኩ። ከሰዓት የአንድ ሚኒባስ በር ስፈትሽ መዳፌ ጉብታ አገኘ። ከላይ ሲታይ ልስልስ ያለ ነው፤ ባለቤቱም አያውቅም። ቀለም ቢቀባ ግን ፀሐይ ባረፈችበት ቁጥር ይታያል። ልጄ በእጇ፣ በሰው አገር፣ የእኔን ጉብታ ልትቀባ ነው። ነገ አንዱ እውነቱን ቢነግራትስ? ማንም ባይነግራትስ? የትኛው ይብሳል?

ወረቀቱን ቀደድኩ። ሚያዝያ ገባ፣ ሁለት ጊዜ አስታወሰችኝ። በሦስተኛው እንዲህ ብዬ ጻፍኩና ላክሁ፦

«አልፈራሁም። ገብቶኝ ነበር። ቀንቼ ነው።»

ማንበቧን ስልኩ ነገረኝ። መልስ የለም። በማግስቱም የለም። ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት አለፈ። ሚስቴ ፀሐይ «ምን አድርገሃት ነው ልጄ የማትደውለው?» አለችኝ። ነገርኳት። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ «እኔ እኮ ለኪዳነ ምሕረት ስለት የገባሁት ፍርሃትህን እንድታነሣልህ ነበር» አለች። «አሁን ምን ብዬ ልንገራት?» ከዚራ ሄጄ ለግርማም ነገርኩት። እሱ ለካ አራት ዓመት ሙሉ «እኔ ነኝ በዚያች ቃል ያስደነገጥኩት» እያለ ራሱን ሲወቅስ ኖሯል። ሊቆጣኝ ፈለገ፣ አልሆነለትም። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ እኮ ክፉ ነህ» አለኝ፣ ገና ያየው ይመስል። አዎ አልኩት። አብዲ ብቻ ነው የተንጫጫው። «ወላሂ ሌባ! ያን ሁሉ ለስላሳ እንዲሁ ነው የጠጣኸው?»

በሃያኛው ቀን ገደማ አንድ ፎቶ መጣ። ቃል የለበትም። ነጭ ኮፋኖ፣ በላዩ ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች፣ በእኔ ጎባጣ እጅ ጽሑፍ፣ ፊደላቸው የሰው ጭንቅላት ያህል ገዝፎ። ከፊቱ የቆሙ ሰዎች ጀርባ ይታያል። የጻፍኩትን ነገር ሳትለስን አወጣችው። እንደ አባትም እንደ ቀለም ቀቢም ልቤ ሞላ። ይቅርታ ግን አልነበረም፤ ሥራ ነበር።

ተመርቃ ነሐሴ ላይ መጣች። ቤት ገብታ እናቷን አቀፈች፣ እኔን በእጇ ጨበጠችኝ። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ጋራዥ መጣች። አብዲ ከጥላው ሥር ሊቀልድ አፉን ከፈተና ፊቷን አይቶ መልሶ ዘጋው። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ኮፋኖው ላይ ዘረጋችው። ሁለት ቦታ የታጠፈ፣ እጥፋቱ የተበላ። የመጀመሪያው ወረቀት ነው፤ እኔ ያልፈረምኩት።

«አንብበው» አለች።

አነበብኩት። «ስትሄድም ስትመለስም አባቷ ነኝ» የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ፤ ጨርሰው አለችኝ፣ ጨረስኩት።

«አንድ ዓመቴን ወሰድክ» አለች።

«ወሰድኩ።»

«ተማርክበት?»

«ተማርኩበት።»

ኮፋኖውን በመዳፏ ዳበሰችው፣ ዓይኗን ጨፍና። «ይቅር ብዬህ እንደሆነ ገና አላውቅም አባዬ» አለች። «ሳውቅ እነግርሃለሁ። ወረቀቱ ግን ክፍት ሆኖ አይደር። ፈርም።»

«ለምን ይሆናል? ጊዜው ካለፈ ስንት ዓመቱ!»

«ኧረ ፈርም አንተ ሰውዬ!» አለ አብዲ ከወዲያ፣ መቋቋም አቅቶት። ሜላት ሳቀች። ሳቋን ሰማሁ፤ ያንኑ ሳቅ። በዚህ ጊዜ የምውጠው ነገር አልነበረኝም።

ምክንያት አላቀርብላችሁም። አባቴ ጋራዥ አስገባኝ፣ እውነት ነው፤ ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ግን አባቴ አልነበረም። እኔ ነበርኩ። ፊደል አላውቅም ነበር፣ እውነት ነው፤ ገብቶኝ ግን ነበር። ማሩኝም አልላችሁ፤ መማርም መተውም የእሷ ነው፣ የእናንተ አይደለም። እኔ ከዚያች ቀን ወዲህ ደህና እተኛለሁ፤ ስለ አባቴ ማውራትም ትቻለሁ፣ ሰው «ታመምክ እንዴ?» እስኪለኝ።

ስሜን ጻፍኩ። ከሥሩ «ቀን» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። «ያኔ የነበረውን ልጻፍ ወይስ የዛሬውን?» አልኳት። «እውነቱን» አለች። ጻፍኩት፦

ነሐሴ ፳ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.